የኮዲንግ ትምህርት በስክሪንሾት ይብቃ

ሰላም የዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ከረማችሁ። በ2016 ዓ.ም የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በዙሪያዬ ኮዲንግ ልማር የሚል ሰው በዝቷል፣ በጣም ደስ ይላል። ግን በአማርኛ የማያቸው ብዙዎቹ ትምህርቶች ኮዱን ስክሪንሾት አንስተው ነው የሚለጥፉት፣ እሱ ደሞ ኮፒ አይደረግ፣ በስልክ ሲያዩት አይነበብ። ልጁ በእጁ ሲገለብጠው በሴሚኮለን (;) ፋንታ ከአማርኛ ኪቦርድ ድርብ ሰረዝ (፤) ይገባበትና ኮዱ እምቢ ይላል፣ ምኑ ጋ እንደተሳሳተ የሚያሳየው የለም፣ ይተወዋል። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ኤምዲኤን (MDN) የሚባለው የዌብ ኮዲንግ ማጣቀሻ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ እዩ፣ ስለ ጃቫስክሪፕት (የዌብ ገጽ ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ) ከተጻፉት ገጾች ብዙዎቹ ከላይ ኮድ የሚነካካበት ሳጥን አላቸው፣ ቀይራችሁ ረን ስትሉት ውጤቱ እዛው ይመጣል። ይሄን ለመስራት የተለየ ሰርቨር አያስፈልግም፣ ጃቫስክሪፕት የሚሰራው እዛው ብራውዘሩ ውስጥ ነው። አንድ ቴክስትኤሪያ (ጽሁፍ መጻፊያ ሳጥን)፣ አንድ በተን (የሚነካ ቁልፍ)፣ አንድ አይፍሬም (ገጽ ውስጥ ሌላ ገጽ የሚከፍት ሳጥን)፣ በቃ። በተኑ ሲነካ ቴክስትኤሪያው ውስጥ ያለውን ኮድ ስክሪፕት ታግ (ይሄ ጃቫስክሪፕት ነው ብሎ ለብራውዘሩ የሚነግር ምልክት) ውስጥ ከቶ ለአይፍሬሙ ኤስአርሲዶክ (srcdoc፣ የሚከፈተው ገጽ ይዘት የሚሰጥበት ቦታ) ይሰጠዋል፣ ብራውዘሩ እንደ አዲስ ገጽ ይከፍተዋል። ተማሪው የሚያየውና የሚሰራው ኮድ አንድ መሆን አለበት፣ ሁለት ቦታ ከተጻፈ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳና ትምህርቱ ያልሆነ ነገር ማሳየት ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ አይፍሬሙ ሳንድቦክስ (sandbox፣ ውስጡ ያለውን ኮድ የሚገድብ አጥር) ይደረግበት፣ አላው ስክሪፕትስ (allow-scripts፣ ኮድ እንዲሰራ የሚፈቅደው) ብቻ ይፈቀድ፣ አላው ሴም ኦሪጅን (allow-same-origin፣ ኮዱን እንደ ዋናው ገጽ አካል የሚያስቆጥረው) አይጨመር፣ አለዚያ ልጁ ከሌላ ቦታ አምጥቶ የለጠፈው ኮድ የገጹን ኩኪ (ገጹ ብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠውን መረጃ) ሊያነብ ይችላል። ደሞ ኮዱ ፊደል በተነካ ቁጥር ሳይሆን በተኑ ሲነካ ብቻ ይሂድ፣ ገና ተጽፎ ያላለቀ ዋይል ሉፕ (while፣ ኮድ ደጋግሞ የሚያሰራ ትዕዛዝ) ገጹን ቀጥ ያደርገዋልና።

ምሳሌዎቹም የኛ ይሁኑ እባካችሁ። ተማሪው «ሰላም» የሚለው ስትሪንግ (ጽሁፍ) ሌንግዙ (length፣ የፊደሉ ብዛት) 3 መሆኑን አይቶ በስሙ ይሞክረው፣ ቱ አፐር ኬዝ (toUpperCase፣ ወደ ትልቅ ፊደል ቀይር) ብሎት ፊደላችን ለምን እንዳልተቀየረ ይጠይቅ፣ ቱ ሎካል ዴት ስትሪንግ (toLocaleDateString፣ ቀን በየአገሩ አጻጻፍ የሚያወጣ ትዕዛዝ) ላይ የኢትዮጵያን ካላንደር መርጦ የዛሬውን ቀን በኛ አቆጣጠር ያውጣ፣ ይሄ ሁሉ ብራውዘሩ ውስጥ አለ፣ ምንም ዳውንሎድ አያስፈልገውም።

እናንተም የቴክኖሎጂ አምዳችሁን ኦንላይን ስታወጡ ኮዱን በፎቶ አታውጡት፣ ቢያንስ ኮፒ የሚደረግ ጽሁፍ ይሁን። ሳጥኑን የሚሰራ ሰው ካጣችሁ እኔ በነጻ እሰራላችኋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ዌብ ዴቨሎፐር፣ ከአዲስ አበባ