ቁም ሳጥን ውስጥ የቀረ ምርምር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምጽፍልዎ ከምሥራቅ ጎጃም ነው፤ መምህር ነኝ። ዪዳን ስለሚባለው የትምህርት ሽልማት የሰማሁት ዘግይቼ ነው። መነሻው ሆንግ ኮንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ የምርምሩን ዘርፍ ያሸነፉት ፕሮፌሰር ካሮል ድዌክ ናቸው። ልጅን «ብልህ ነህ» ከማለት ጥረቱን ማመስገን እንደሚሻል በጥናት አሳይተዋል። (እኔ ቀኑን ሙሉ «ጎበዝ፣ አጨብጭቡለት!» ስል ነው የምውለው። ደነገጥኩ።) ሌላዋ ተሸላሚ ቪኪ ኮልበርት ደግሞ የኮሎምቢያን የገጠር ትምህርት ቤቶች ይዘው የተነሱ ናቸው። የገጠር!

እኛም እኮ ተግባራዊ ምርምር እንሠራለን፤ ለደረጃ እድገት ስለሚያስፈልግ። አንዲት ባልደረባዬ ልጆች ማንበብ ለምን እንደሚከብዳቸው ስትከታተል ዓመቱን ከረመች። የገበያ ቀን የሚቀሩትን ሳይቀር እየመዘገበች። ጽሑፉ ነጥብ ተሰጠው፣ ማኅተም ተመታበት፣ ቁም ሳጥን ገባ። አለቀ። ቀጥሎ ያንን ክፍል የያዘው መምህር እንኳ አላየውም።

የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ለመምህራን ምርምር አንድ ሽልማት ቢያዘጋጁስ? ብሩ ትንሽ ይሁን ግድ የለም። ያሸነፈው ጽሑፍ ታትሞ ለየትምህርት ቤቱ ይላክ። ዳኞቹም ወረቀት ብቻ አይዩ፤ ክፍል ገብተው ልጆቹን ያስነብቡ።

በዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታም እዚያው ያርሙለታል። የእኛን ጽሑፍ ግን የሚያርመው ቀርቶ የሚያነበውም የለም።

አንድ መምህር፣ ከምሥራቅ ጎጃም