ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ካልሲየም መሸጥ ለምን እንዳቆምን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
ሱሉልታና አካባቢው

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሱቃችን ለቡችላ የሚሆን የካልሲየም ዱቄትና ሽሮፕ አይሸጥም። የእንስሳት ሐኪም ማዘዣ ይዞ ለሚመጣ ብቻ እናቀርባለን። «ለምን?» ማለታችሁ ስለማይቀር ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን ልንጽፍላችሁ ወደድን።

ወደ እኛ ከምትመጡት ብዙዎቻችሁ የግሬት ዴን፣ የኮኬዥያን፣ የሴንት በርናርድ ወይም የቦርቦል ቡችላ ያላችሁ ናችሁ። ለምን እንደገዛችሁት ይገባናል። ግቢው ሰፊ ነው፤ የብዙዎቻችሁ አጥር ገና ቆርቆሮ ነው፤ ማታ ጅብ ይጮኻል፤ የሌባም ስጋት አለ። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ሁሌም አንድ ነው፦ «ቶሎ እንዲያድግ ምን ልስጠው?»

የእኛ መልስ ተቃራኒው ነው። ቀስ ብሎ ይደግ።

እነዚህ ውሾች ሲወለዱ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጡም። ሲያድጉ ግን 60 እና 70 ኪሎ የሚገቡ አሉ። ትንንሽ ዝርያዎች በዓመት ውስጥ አድገው ሲጨርሱ፣ እነዚህ ከ18 እስከ 24 ወር ይወስድባቸዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የአጥንታቸው ጫፍ ለስላሳ ነው። አጥንቱ የሚረዝመው በዚያ በኩል ስለሆነ ገና አልጠነከረም። በዚህ ላይ ክብደት ቶሎ ቶሎ ከተጨመረበት፣ የዳሌውና የክርኑ መገጣጠሚያ ሳይስተካከል ይቀራል። ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ፎቅ አይጫንበትም። ደግሞ ቁመቱን የሚወስነው ዘሩ ነው። አብዝታችሁ ስላበላችሁት ከዘሩ በላይ አይረዝምም፤ በለጋ አጥንቱ ላይ ክብደት መጫን ብቻ ነው ትርፉ።

አሁን ወደ ካልሲየሙ። ያደገ ውሻ ካልሲየም ቢበዛበት አንጀቱ የሚፈልገውን ወስዶ ሌላውን ያስወጣዋል። ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ ግን ይህን በደንብ መቆጣጠር አይችልም። የሰጣችሁት ትርፍ ወደ ደሙ ይገባል፤ የአጥንቱን አስተዳደግም ያዛባል። ከዚያ እግሩ ይንጋደዳል። ባለቤቱ «ካልሲየም አንሶት ነው» ብሎ ይጨምርለታል። ይሄኔ ጉዳቱ ይብሳል። እኛን ያሳሰበን ይህ ነው።

በእርግጥ ካልሲየም የሚያንሰው ቡችላም አለ። አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ ወይም እንጀራ ብቻ የሚበላ ከሆነ በእርግጠኝነት ያንሰዋል፤ የእሱም እግር ሊጎብጥ ይችላል። ችግሩ በዓይን ብቻ አይቶ አነሰው ወይስ በዛበት ማለት አይቻልም። ሐኪሙ የሚበላውን ጠይቆ፣ ካስፈለገም ራጅ አንስቶ ይወስናል። ማዘዣ የምንጠይቀውም ለዚህ ነው።

ለትልልቅ ዝርያ ቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ የምትሰጡ ከሆነ ካልሲየሙ ውስጡ አለ። ምንም አትጨምሩበት። ስትገዙ የከረጢቱን ጀርባ አንብቡ። ካልሲየሙ 1 ከመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ1.5 ከመቶ በላይ ከሆነ ለእነዚህ ቡችሎች አይሆንም። የቀኑን ምግብ ለሦስት ከፍላችሁ ስጡት፤ ስድስት ወር ሲሞላው ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። ሳህኑ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ አይቀመጥ። ጎኑን ስትዳስሱት የጎድን አጥንቱ በቀላሉ ከእጃችሁ መግባት አለበት። ድቡልቡል ያለ ቡችላ ያምራል፤ እኛም ስናየው ደስ ይለናል፤ ግን ለዚህ ዝርያ ጤና አይደለም።

አንድ ነገር እንለምናችሁ። በብዙ ግቢ ውሻውን የሚያበላው ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ነው። ጠዋት አንዱ ሰጥቶት ሌላው ሳያውቅ ይደግመዋል። እባካችሁ ይህን ደብዳቤ ለእነሱም አንብቡላቸው። የተረፈ ወጥም እንዳይሰጡት ንገሩልን፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ሊጥም ከአጠገቡ ይራቅ፤ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ኩፍ ይላል። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

የበዓል እርድ ሲሆን ደግሞ ሳንባና ጉበት በጥሬው አትጣሉለት። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን የበግ ወይም የከብት ሳንባ የበላ ውሻ ከኮሶ ወገን የሆነ ትንሽ ትል ይይዘዋል። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በእጅ ወይም ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ይገባል። ሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ በጣም ያስጨንቀናል። እንዲህ ያለውን የሆድ ዕቃ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። የትል መድኃኒቱንም ሐኪሙ ከሚላችሁ ቀን አታሳልፉ።

እንቅስቃሴን በተመለከተ፣ ሣር ላይ እንደልቡ ይጫወት፤ ሲደክመው ራሱ ይተኛል። ከመኪና ወይም ከሳይክል ኋላ አታስሩጡት። ከፒክአፕ ላይ አይዝለል፤ አቅፋችሁ አውርዱት። ሴራሚክ ወለል ላይ እየተንሸራተተ የሚያድግ ከሆነ ምንጣፍ አንጥፉለት። የሱሉልታ ሌሊት ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አይደር። ጅቡን የሚመክተው ካደገ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ማታ ማታ እሱን ራሱን አስገቡት።

«ሰው ከለመደ አይጠብቅም» ብላችሁ ከልጅነቱ በሰንሰለት የምታስሩት አላችሁ። በዚህ አንስማማም። ሰው ሳያይ ያደገ ውሻ ጎበዝ አይሆንም፣ ፈሪ ነው የሚሆነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ፈሪ ውሻ ደግሞ የጎረቤትን ልጅ ይነክሳል። ሦስት ወር ተኩል እስኪሞላው ያለው ጊዜ ዋናው ነው። እንግዳ ሰው፣ ባጃጅ፣ አህያ፣ ጃንጥላ፣ የሕፃናት ጩኸት ይልመድ። ክትባቱን እስኪጨርስ ከግቢ ውጭ መሬት ሳታስነኩት፣ በእቅፍ ወይም በመኪና ሆኖ ይይ። ፓርቮ የሚባለው በሽታ መሬት ላይ ለወራት ይቆያልና። ክትባቱ ከስድስትና ስምንት ሳምንት ጀምሮ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። የእብድ ውሻውን 12 ሳምንት ሲሞላው አስከትቡ። በየመንገዱ ባለቤት የሌለው ውሻ በበዛበት ሰፈር ይህ ለነገ አይባልም።

የመጨረሻው፣ ካደገም በኋላ የሚያስፈልጋችሁ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ተቀምጦም ተኝቶም ካልተመቸው ጨጓራው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። እስኪነጋ አትጠብቁ። የሐኪማችሁን የሌሊት ስልክ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ያዙ፤ ዘበኛውም ይኑረው።

የካልሲየም ዱቄት ከእኛ ገዝታችሁ ያልከፈታችሁ መልሱልን፤ ገንዘባችሁን እንመልሳለን። ሱቃችን በር ላይ ሚዛን አስቀምጠናል። ቡችላችሁን በየሳምንቱ አምጥታችሁ በነፃ መመዘን ትችላላችሁ፤ ክብደቱን በካርድ እንጽፍላችኋለን፣ ለሐኪሙም ታሳዩታላችሁ። ክትባቱን ያልጨረሰውን ግን ከመኪና አታውርዱት። ጡሩምባ ንፉ፤ ሚዛኑን ይዘን እንወጣለን።

ከአክብሮት ጋር
የውሻ መኖና እንክብካቤ ሱቃችሁ
ሱሉልታ