መኪናው እስኪሸጥ ጅማ ቅርብ ነበረች

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ቡና ነጋዴ ነኝ። አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ ስል ነው የምውለው፤ ያለ መኪና ሥራዬ አንድ ቀን አይሄድም። ለዚህ ነው ስለ ጃፓኑ መኪና አምራች ስለ ኒሳን ኪሳራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ያላለፍኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ነገሩ ከባድ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 በተዘጋው የበጀት ዓመት ወደ 671 ቢሊዮን የን ከስሯል። ኅዳር 2024 ላይ 9,000 ሠራተኛ እቀንሳለሁ ብሎ ነበር። ስድስት ወር ቆይቶ ቁጥሩን 20,000 አደረሰው። 17 ፋብሪካዎቹን ወደ 10 ሊያወርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ መኪና ሲወጣበት የኖረው፣ ጃፓን ያለው የኦፓማ ፋብሪካ እንኳን አልቀረለትም። ከሆንዳ ጋር የተጀመረው የውህደት ንግግርም የካቲት 2025 ላይ ፈረሰ። ይሄ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999ም እንዲሁ ጭንቅ ውስጥ ገብቶ፣ ካርሎስ ጎን የሚባል ኃላፊ መጥቶ 21,000 ሰው ቀንሶና 5 ፋብሪካ ዘግቶ ነበር ያተረፈው። አሁን ደግሞ ከ25 ዓመት በኋላ እዚያው።

ሰው የሚያወራው ከሥራ ስለሚወጡት ነው፤ ልክ ነው፣ 20,000 ሰው ማለት 20,000 ቤት ነው። ስለ እኛ ስለ ገዢዎቹ ግን የሚያነሳ አላየሁም። ኩባንያ ወጪ ቀነስኩ ሲል ያ ወጪ የት ነው የሚሄደው? ከእሱ ደብተር ይወጣና የሆነ ሰው ኪስ ላይ ያርፋል። እኔ እንዳየሁት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው መኪናውን የገዛው ሰው ላይ ነው። ገዢው ከአዲስ አበባ በራቀ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል።

የራሴን ልንገራችሁ። ከ3 ዓመት በፊት አዲስ ፒካፕ ገዛሁ። የመኪናውንም የሻጩንም ስም አልጠራም። ኒሳን አለመሆኑን ብቻ ልናገር፣ ሰው እንዳይሳሳት። የገዛሁ ቀን የተደረገልኝ መስተንግዶ ዛሬም አይረሳኝም። ወንበር ተሳበልኝ፣ ቡና ቀረበ። ሽያጩን የያዘው ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ በአንድ አስረዳኝ። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር፦ "ሰርቪስ የት ነው የማሠራው?" "ጋሼ፣ ጅማ ወኪል ጋራዥ አለን፤ አዲስ አበባ ድረስ መልፋት አይጠበቅብዎትም" አለኝ። ይቺ ቃል ናት ያስገዛችኝ። ሌላ ቦታ በተሻለ ዋጋ አግኝቼ ነበር፣ እዚህ ሰርቪስ አለው ብዬ ነው የተውኩት።

ወኪሉ እውነትም ነበር። የመጀመሪያውን ሰርቪስ እዚሁ አሠራሁ። ዓመት ሳይሞላ ግን ውሉ ተቋረጠ። አዲስ አበባ ደውዬ ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ዋናው ኩባንያ ወጪ እየቀነሰ ስለሆነ የክፍለ ሀገር ወኪሎች ታጥፈዋል ተባልኩ። ማንም ደውሎ አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ በር ላይ የተሰቀለው ምልክት ተነቅሎ ያየሁት። ዋስትናው እንዳይፈርስ ከፈለግኩ ከዚህ በኋላ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ደርሶ መልስ 700። አስቡት፣ ከ5,000ው ኪሎ ሜትር 700ው ዘይት ለመቀየር የሚሄድበት መንገድ ነው። ነዳጁ የእኔ፣ አልጋው የእኔ፣ ሥራ የፈታሁበት ሁለት ቀን የእኔ። ለኩባንያው ግን ይሄ "የተቀነሰ ወጪ" ተብሎ ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ ሦስቴ ሄጃለሁ። ሁለተኛው ላይ መኪናው 40 ሺ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። ራዲያተሩ ጎን ላይ፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ከአሉሚኒየሙ ጋር በሚገጥምበት መስመር ላይ፣ ነጭ የደረቀ ነገር አይቼ ነበር። ውሃ ሲያልበው ቆይቶ የደረቀ ይመስላል። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረችው ልጅ ብቻዋን ናት። በፊት ሦስት ሰው የነበረበት ቦታ ነው። አንዱ ስልክ ያነሳ ነበር፣ አንዱ መኪና ይረከብ ነበር፣ አንዱ ሒሳብ ይሠራ ነበር። አሁን ሁሉንም እሷ ይዛለች። ስልኩ ይጮኻል፣ ኋላዬ አምስት ሰው ቆሟል፣ ሞባይሏን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ የእኔን ቅሬታ ትጽፋለች። በእሷ አልፈርድም። ምሳ እንኳን አልበላችም ነበር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። "ራዲያተሩን ይዩልኝ" ብዬ አስጻፍኩ። ማታ መኪናዬን ስረከብ ወረቀቱ ላይ "ኖርማል" ይላል። ያየው መካኒክ ማን እንደሆነ ላናግረው ብል፣ ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም ተባልኩ።

በማግስቱ ወደ ጅማ ስመለስ፣ የጊቤን ድልድይ ተሻግሬ የአበልቲን ዳገት እንደያዝኩ አፈላች። የጊቤን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሞተሩ ሳይነክስ አጥፍቼ ቆምኩ። ኮፈኑን ስከፍት ያቺ ያሳየኋቸው መስመር ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቃለች። መኪናው ገና ከአንድ ቀን በፊት ከእነሱ እጅ ነው የወጣው። እስከ ማታ ዳገቱ ላይ ቆይቼ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ጎትቶ አወጣኝ። እግዜር ይስጠው፣ ከነዳጅ በላይ ሳንቲም አልተቀበለኝም።

ዋስትናውን ስጠይቅ ከልክለውኛል። ምክንያታቸው ከዚያ በፊት የነበረውን ሰርቪስ 600 ኪሎ ሜትር አሳልፌ መሄዴ ነው። አዎ አሳልፌያለሁ። የቡና ለቀማ ወቅት ነበር፤ በዚያ ወር ለሁለት ቀን ጅማን ለቆ የሚሄድ ነጋዴ የለም። ወኪሉ እዚሁ ቢኖር አንድም ኪሎ ሜትር አላሳልፍም ነበር። በገንዘቤ ልግዛ ስል ደግሞ ዕቃው ስቶክ ላይ የለም፣ ከውጭ እስኪመጣ ሦስት ወር ነው አሉኝ።

እዚህ ጅማ አንድ የቆየ መካኒክ አለ፣ አባቴም እሱ ጋ ነበር የሚያሠራው። ሁለት ራዲያተር መሬት ላይ አስቀምጦ አሳየኝ። አንዱ ከአሮጌ ላንድክሩዘር የወጣ ነው፣ ነሐስና መዳብ። አራት ቦታ በስታኞ ተበይዷል፣ አሁንም ይሠራል። ሌላው የእኔ ነው። "ይሄን ምን ላድርግልህ ልጄ? ፕላስቲክ አይበየድ" አለኝ። አዲሱ ዓይነት ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ነው ዛሬ መኪኖች ሁሉ ወደ እሱ የሄዱት። ክፋት የለውም፣ ግን ሲሰነጠቅ መቀየር እንጂ መጠገን የለም። መጠገን ከሌለ ደግሞ መለዋወጫው በቅርብ መኖር አለበት። ኩባንያው ዕቃውን አረከሰ፣ ወኪሉን ዘጋ፣ መጋዘኑን ባዶ አደረገ። ሦስቱንም ባንድ ላይ። አንዱን ብቻ ቢያደርግ እንኖርበት ነበር። በመጨረሻ መካኒኩ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዘመድ አስፈልጎ ያገለገለ አስመጣልኝ፣ እስካሁን በእሱ ነው የምነዳው።

ይሄን ስል የእኔ ጉዳት ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። የአሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ ያደረገውን ያነበበ ሰው ይገባዋል። ትንንሽ መኪኖቹ ላይ የገጠመው የማስነሻ ቁልፍ ስዊች ላላ ያለ ነበር፤ እየሄዱ ይንሸራተትና ሞተሩ ይጠፋል፣ በግጭት ጊዜም ኤርባጉ አይከፈትም። ማስተካከያው በአንድ መኪና ከ1 ዶላር በታች ነበር። የኩባንያው ሰዎች ችግሩን ከ10 ዓመት በላይ ያውቁት ነበር። በመሀል የተሻለ ስዊች ሲገጥሙ የዕቃውን ቁጥር ሳይቀይሩ በዝምታ አለፉት። እ.ኤ.አ. በ2014 ነው 2.6 ሚሊዮን መኪና ለማስተካከያ ተመልሶ የተጠራው። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሰው መሞቱን ተቀብሎ ከፍሏል። ይሄን ለዚያ መካኒክ ስነግረው ከሟቾቹ ቁጥር ቀጥሎ ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነው፦ "ቁጥሩን ሳይቀይሩ ዕቃውን ቀየሩት? ታዲያ እኛ በምን እንለየዋለን?" መለዋወጫ በቁጥር የሚገዛ ሰው ነዋ።

ኒሳንም ቢሆን ከመክሰሩ በፊት ቁጠባውን በሰው ትከሻ ላይ ጭኖ ተገኝቷል። መጋቢት 2024 ላይ የጃፓን የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ፣ ኩባንያው ለ36 ዕቃ አቅራቢዎች ሊከፍል ከሚገባው ወደ 3 ቢሊዮን የን ቆርጦ እንዳስቀረ ይፋ አድርጓል። ዋጋው የሚቆረጥበት አቅራቢ የሚሠራው ዕቃ ምን ዓይነት ይሆናል? እኔም ቡና ስረከብ አውቀዋለሁ፤ ገበሬውን በዋጋ ካስጨነቅከው ቀዩን ከአረንጓዴው ቀላቅሎ ነው የሚያመጣልህ።

ወጪ መቀነስ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ኒሳን የመለዋወጫ ዓይነቶቹን ውስብስብነት 70 በመቶ እቀንሳለሁ ብሏል። እንዳለው ካደረገው ለእንደኛ ዓይነቱ ከተማ ደግ ነገር ነው። አንድ ዕቃ ለብዙ ሞዴል ከሆነ የጅማ ሱቅም ደፍሮ ይይዘዋል። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ማኮቶ ኡቺዳም ቅነሳውን ሲያውጁ የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቀንሰዋል። ሻጮቻችንም የዶላር ችግር እንዳለባቸው እረዳለሁ፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ሲወጣ ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን ዕቃ የለኝም ማለት አንድ ነገር ነው፣ ሲሸጡ እንዳለ አድርጎ መናገር ሌላ።

ዛሬ እንድጽፍ ያስቸኮለኝ የኤሌክትሪክ መኪናው ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ ልግዛ የሚል ሰው ምርጫው እሱ ነው፤ ጅማ ውስጥም በዝተዋል። ጎረቤቴ አንድ ገዝታለች። አንድ ቀን ጠዋት በሩ እንኳን አልከፈትላት አለ። ማታ ቻርጅ አድርጋ ያደረች መኪና ናት። ሻጩ ጋ ስትደውል ስልክ አይነሳም፣ ሲነሳም "ጭነው ያምጡት" ነው መልሱ። ጅማ ያሉ ጋራዦች ደግሞ ትልቁን ባትሪ ፈርተው አልነካም አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ማንም አላሠለጠናቸውም። አምስት ቀን ግቢ ቆመች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ የእህቷ ልጅ በቪዲዮ እያየ መራቸው። የሞተችው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ነበረች። ትልቁ ባትሪ ቢሞላም ያቺ ትንሿ ከሞተች መኪናው አይነቃም። ይሄን ለማወቅ የግማሽ ቀን ሥልጠና የሚበቃ ይመስለኛል።

እነዚህን መኪኖች የሚሠሩት ኩባንያዎች ራሳቸውስ ይቆያሉ ወይ? የአሜሪካው የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ፊስከር እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ላይ ከሰረ፤ ገዢዎቹ ማኅበር አቋቁመው ነው መለዋወጫና ሶፍትዌር ሲያፈላልጉ የቆዩት። የቻይናው ኔታ እናት ኩባንያ ሆዞንም ሰኔ 2025 ላይ የኪሳራ ሂደት ውስጥ ገብቷል። የሻጩ ሱቅ ውስጥ ይሄን የሚነግረን የለም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በነጋዴውም በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ጽፏል። እኔ የምጠይቀው ከዚህ የሚያልፍ አይደለም። መኪና ሻጮች ውል ከማስፈረማቸው በፊት በየትኛው ከተማ ጋራዥ እንዳላቸው፣ ራዲያተርና የፍሬን ሸራን የመሳሰሉት ቶሎ የሚያልቁ ዕቃዎች መጋዘን ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ በጽሑፍ ይስጡን። ወኪል ሲዘጉ ለገዢው ይደውሉ፤ ስልካችን እኮ እነሱ ጋ ተመዝግቧል። ወኪሉን እነሱ ዘግተው ሰርቪስ አሳለፍክ ብለው ዋስትና አይከልክሉ። ጅማ ላይ በወር አንድ ቀን እንኳን መካኒክ ቢልኩ እኛ ቀጠሮ ይዘን እንሰለፋለን። ቦታውንም እናመቻቻለን፣ ይሄን ከሌሎች ባለመኪናዎች ጋር ተነጋግረንበታል።

አዘጋጁ፣ እባካችሁ ይሄን ጥያቄ ለሻጮቹ አቅርቡና መልሳቸውን አውጡልን። የእኔ ቀጣይ ሰርቪስ 1,100 ኪሎ ሜትር ቀርቶታል። ለቀማው ደግሞ ደርሷል።

አክባሪያችሁ፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከጅማ