አባባ፣ ልጆቹ ተመልሰዋል

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2013

ውድ አባባ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአገሩን ጉዳይ በስልክ ስላወራነው እዚህ አልደግመውም። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ክፍሌ ነው። ባለፈው ሲደውሉ «ልጆቹ ዓመቱን ቢደግሙት ይሻል ነበር» ብለውኝ መስመሩ ተቆረጠ። መልሴን በደንብ አስቤበት ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

ትምህርት ቤት የተዘጋው መጋቢት 7 ቀን 2012 ነው፤ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በተገኘ በሦስተኛው ቀን። ለሁለት ሳምንት ነው ሲባል ክረምቱም አለፈ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይተላለፍ ነበር። የግል ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም የቤት ሥራ ይልኩ ነበር። የእኔ ተማሪዎች ቤት ግን ብዙ ጊዜ ያለችው ስልክ አንዲት ናት። እሷንም እናት ጠዋት ሥራ ስትሄድ ይዛት ትወጣለች። ስለዚህ እነዚህ ልጆች በርቀት ተምረዋል ለማለት አፌ አይደፍርም። ከዚያ ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በስተቀር ሌላው ሁሉ ተዛወረ። ሦስተኛን በግማሽ የተማረ ልጅ አራተኛ ክፍል ገብቶ ፊቴ ተቀመጠ።

አሁን በፈረቃ ነው የምናስተምረው። ግማሾቹ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ፣ ግማሾቹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይመጣሉ። በር ላይ ባለቧንቧ ጀሪካን አለ፤ እጃቸውን ሳይታጠቡ አይገቡም። ማስኩ ደቂቃ ሳይቆይ አገጭ ላይ ይወርዳል፤ «አፍንጫ!» ስል እውላለሁ። ግን አባባ፣ ሦስት ሆነው ይጣበቡበት የነበረው ዴስክ ላይ አሁን አንድ ልጅ ነው የሚቀመጠው። የእያንዳንዱን ደብተር ለማየት ጊዜ አገኘሁ። ማን ምን እንደሚያውቅ፣ ማን የት ላይ እንደቆመ አሁን ለይቼ አውቀዋለሁ። በሽታው ሲያልፍ ይህ አብሮ እንዳይቀር እመኛለሁ።

አንድ ልጅ አለኝ። በተዘጋው ጊዜ ሊስትሮ ሲሠራ ከርሟል። «ከመቶ ብር ላይ 37 ብር ቢወጣ ስንት ይመለሳል?» ስለው፣ ሳልጨርስ «63!» ይለኛል። ያንኑ ሰሌዳ ላይ ስጽፍለት ግን ዝም ነው። ንባብ ላይማ ይብሳል። «ትምህርት» የሚለው ጋ ሲደርስ «ት… ም… ህ…» ይልና ቀና ብሎ ያየኛል። ጓደኞቹ ሲስቁበት መጽሐፉን ይዘጋዋል።

ይህን ልጅ ሦስተኛ ክፍል መልሶ ማስቀመጥ ምን ይጠቅመዋል? የሚያውቀውንም የማያውቀውንም አንድ ላይ ያስደግሙታል። እኩዮቹም ጥለውት ይሄዳሉ። እኔ እንደማውቀው፣ ልጁ የሊስትሮ ዕቃውን አንስቶ በዚያው ይቀራል። የሚሻለው መጽሐፉን ለመጨረስ መሮጣችንን ማቆም ነው። «ምዕራፍ ስንት ደረስሽ?» ይሉኛል፤ ልጁ ሳያነብ እኔ ምዕራፍ ብጨርስ ለማን ነው? ስለዚህ የጠዋቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ለንባብ ብቻ አድርጌዋለሁ። ሌላው ትምህርት እየዘገየ ነው። ይዘግይ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ያልተመለሱት ናቸው። ስም ስጠራ ዝም የሚባልባቸው አሉ፤ ከእነሱም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። አንዷን እናቷ ገጠር ዘመድ ጋ ልካት፣ አሁን የሰው ልጅ ትጠብቃለች አሉኝ። ለእናቷ እየደወልኩ ነው። «እስቲ ከገና በኋላ» ትለኛለች። እኔ ግን መደወሌን አልተውም፤ ስሟንም ከመዝገቡ አላወጣሁትም።

እርስዎ ይህን ነገር ያውቁታል። በ1967 ለዕድገት በኅብረት ሲዘምቱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ። ገበሬውን ፊደል እንዴት እንዳስቆጠሩ፣ የእግር መንገዱ እንዴት እንደነበረ ስንቴ አጫውተውናል። ተመልሰው ደብተር የገለጡበትን ጊዜ ግን አንድም ቀን አላነሱልንም። መምህሮቻችሁ ከየት ጀመሩላችሁ? እናንተስ ያለፈውን እያሰባችሁ እንዴት ቁጭ ብላችሁ ተማራችሁ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ደግሞ ለሊስትሮው ልጅ ነው። ትልቅ ሰው ፊደል ሲያስቆጥሩ ሰውየው እንዳያፍር ምን ያደርጉ ነበር? የእኔው ልጅ አሥር ዓመቱ ቢሆንም ገንዘብ አግኝቶ ቤቱን ረድቷል፤ ከሕፃናት ጋር «ሀ ሁ» በል ብለው ይቀየመኛል። ለብቻው በምሳ ሰዓት ላስነብበው አስቤያለሁ። ከመጽሐፉ ይሻላል ወይስ እሱ የሚያውቀውን ነገር፣ የሱቅ ስምና የታክሲ ታፔላ እየጻፍኩ ብጀምረው?

በስልክ ይቆራረጣልና እባክዎ ጻፉልኝ። የአክስቴ ልጅ ለገና እዚያ ስለሚመጣ ደብዳቤውን ለእሱ ይስጡት። መድኃኒትዎንና ጥቂት ማስክ በእሱ እልካለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያድርጉት።

ልጅዎ