መጀመሪያ የሚጠፋው ውሃ ይለካ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ውሃ አገልግሎት የወደፊት ዕቅድ ሲወራ ሁሉም ሰው ቶሎ ወደ አዲስ ግድብና አዲስ ጉድጓድ ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ያለው ውሃ የት እንደሚሄድ ነው እላለሁ። ከማጣሪያ ጣቢያ ወጥቶ በተሰነጠቀ ቧንቧ መሬት ውስጥ የሚቀረው፣ ቆጣሪ ሳያነበው የሚያልፈው፣ ይሄ ሁሉ ተጣርቶ፣ ታክሞ፣ በፓምፕ ተገፍቶ ገንዘብ የወጣበት ውሃ ነው። እሱን ሳይለኩ የ25 ዓመት የፍላጎት ትንበያ መሥራት በግምት ላይ ግምት መደረብ ነው።

ትንበያውም ቢሆን የሕዝብን ቁጥር በነፍስ ወከፍ ፍጆታ አባዝቶ ማለፍ የለበትም። ፋብሪካ ሲመጣ፣ አኗኗር ሲለወጥ ፍጆታውም ይለወጣል። ደግሞ ዕቅዱ የሚፈተነው በአማካይ ዓመት ሳይሆን በድርቅ ዓመት ነው። ኬፕታውን በ2018 እ.ኤ.አ. ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ እስከመፍቀድ የደረሰችው ደረቅ ዓመታት ተከታትለው ስለመጡባት ነው። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ግን ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍሳሿን አጣርታ መልሳ ለመጠጥ ታውላለች።

ዕቅዱ በየአምስት ዓመቱ ይከለስ፤ ስሌቱም ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ከፋዮቹ እኛ ነን፤ እጥረት ሲመጣ ውሃ ቀድሞ የሚቋረጠው በማን ላይ እንደሆነ አስቀድመን ማወቅ አለብን።

አንድ አንባቢያችሁ