ጠመኔው አረፋ አልደፈቀም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሲዳማ መሬት ያወጣችሁትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደግ ነው። ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ ኖራን «ማዳበሪያ» ብላችሁታል። ኖራ ማዳበሪያ አይደለም፤ የአፈሩን አሲድ የሚያበርድ ነው። ይህን የምለው ቃል ለመሰንጠቅ አይደለም። ገበሬው እንደዚያ መስሎት ማዳበሪያውን ቢተው፣ ወይም ለሄክታር ብዙ ኩንታል የሚፈልገውን ኖራ በእፍኝ እየቆጠበ ቢበትነው፣ ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

እናንተን ብቻ አልወቅስም። ኬሚስትሪ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ «አሲድና ካርቦኔት ሲገናኙ ጨው፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣሉ» ብዬ ያልጻፍኩበት ዓመት የለም። ተማሪዎቼም በእንግሊዝኛ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። አሲድ ሰማያዊ ሊትመስን ቀይ እንደሚያደርግ የማያውቅ የለም፤ ሊትመስ የሚባለውን ወረቀት በዓይኑ ያየ ግን ከመካከላቸው አላገኘሁም።

ከዓመታት በፊት አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ከአባቱ ጋር ኖራ ሲያራግፍ አርፍዶ፣ ጫማው እንደነጣ ክፍል ገባ። ተቆጥቼ አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቶ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ኖራው አሲዱን የት ይወስደዋል?» አለኝ። መልሱ ከጀርባዬ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ለእሱም ለእኔም አልታየንም።

ላሳየው ፈለግሁ። ከሱቅ አቼቶ አስመጣሁና ብርጭቆ ውስጥ ቀዳሁት። «ጠመኔ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ነው፤ አሁን አረፋ ሲደፍቅ ታያላችሁ» ብዬ የያዝኩትን ጠመኔ ሰብሬ ጨመርኩበት። ስልሳ ሁለት ልጅ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ጥቂት የአየር ፊኛ ብቅ ብሎ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ከኋላ ወንበር አንዱ «ጠመኔው ፈራ» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ማታ መጽሐፍ አገላብጬ ደረስኩበት። የዛሬው የሰሌዳ ጠመኔ በአብዛኛው የሚሠራው ከጀሶ ነው። ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ በአቼቶ አይነካም። ስንት ዓመት በእጄ ጨብጬው ስለ እሱ ውሸት ሳስተምር ኖሬአለሁ!

በማግስቱ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጬ ይዤ ሄድኩ፤ ካልሲየም ካርቦኔት ማለት እሱ ነው። አቼቶው ገና ሲነካው ቅርፊቱን ጥቃቅን ፊኛዎች ወረሩት፣ አንዳንዱን ስብርባሪ እያንሳፈፉ ወደ ላይ ያወጡት ጀመር። ክብሪት ለኩሼ ወደ ብርጭቆው ሳወርደው፣ ፈሳሹን ሳይነካ ድርግም አለ። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ለልጁም መለስኩለት፤ አሲዱን አሲድ ያሰኘው ሃይድሮጅን ከካርቦኔቱ ጋር ተገናኝቶ ውሃ ይሆናል፤ ክብሪቱን ያጠፋው ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ወደ አየር ይሄዳል፤ ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። አባትህ የሚበትነው ተፈጭቶ የደቀቀ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ማሳችሁ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፣ የሚፈጀው ጊዜ ግን ወራት ነው አልኩት።

ማሳው ለምን ኮመጠጠ ለሚለው ደግሞ፣ በእኛ በጎጃም ደጋ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ዘመን ከዘመን አጥቦ ይወስደዋል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል፤ የገብሱንና የባቄላውን ሥር ያኮሰምናል፣ በማዳበሪያው የመጣውን ፎስፈረስም ይዞ ያስቀረዋል። ኖራ ይህን ቋጠሮ ይፈታል እንጂ ማዳበሪያውን አይተካም። እርማት የምጠይቃችሁም ይህችን ነው።

አደራ፣ ይህን ያነበበ መምህር የመኪና ባትሪ አሲድ ይዞ ክፍል እንዳይገባ። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ይዞልኝ መጥቶ ደንግጬ ቀምቼዋለሁ። ሰልፈሪክ አሲድ ልብስ ይበሳል፣ ዓይን ያጠፋል። ለዚህ ሙከራም ቢሆን አይረባም፤ የኖራ ድንጋይ ላይ ቢፈስ ትንሽ አረፍርፎ ድንጋዩን በጀሶ ይሸፍነዋል፣ ነገሩም እዚያው ይቆማል። አቼቶ ይበቃል። የቤተ ሙከራ በጀት እስኪለቀቅ መጠበቅም አያሻም፤ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቄ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ትምህርት በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነው፣ የልጁ አባት ቤቴ ድረስ መጡ። ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ እፍኝ ግራጫ ዱቄት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉና፣ «መምህር፣ የመጣልን ኖራ አፈር ነው እያሉ ያስወሩብናል፤ እስቲ በዚያ በሚኮመጥጠው ይዩልኝ» አሉኝ። አቼቶውን ጠብ አደረግሁበት። አረፋ ደፈቀ። አባት ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉና ሲንሿሿ ሰሙት፤ ከዚያ ዱቄቱን አንዲት ሳያስቀሩ ጠርገው፣ የረጠበውንም ጨምረው፣ መልሰው ቋጠሩት።

የኬሚስትሪ መምህር፣ ከምሥራቅ ጎጃም