የማኪያቶው ሂሳብ አንተ ላይ ቀረ

ሮተርዳም፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናትህስ? ያ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እንደ ድሮው ደብዳቤ «እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን «ናፍቆት ካለ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ዘጋህ?» ትለኛለህ። እውነትህን ነው። አፈርኩ። ማፈሬ ሲቆይ ደግሞ ጭራሽ መደወል ከበደኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘነው 2011 ላይ አራት ኪሎ ነው። እኔ «ፌዴራሊዝም ነው የበታተነን» አልኩ። አንተ አያትህን አነሳህ። በገዛ ቋንቋቸው ፍርድ ቤት የቆሙት በስተርጅና መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ዳኛው የሚሰማው አስተርጓሚው ያለውን እንጂ እሳቸው ያሉትን እንዳልነበረ ነገርከኝ። እኔ ምን አልኩ? «ይሄ የአንዲት አሮጊት ጉዳይ ነው።» ከዚያ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ፣ ሂሳቡንም ሳልከፍል ተነስቼ ሄድኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ አገር ለቀቅሁ።

አሁን የምነግርህ ያስቅሃል። እዚህ የፌዴራሊስቶች ወረቀት በታኝ ሆኛለሁ።

ፓርቲው ቮልት ይባላል። መብራት ኃይል ተቀጠረ እንዳትል ብቻ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2017 ነው፤ እንግሊዝ «ከአውሮፓ ኅብረት ወጣሁ» ብላ ደብዳቤዋን ባስገባችበት ዕለት። ሦስት ወጣቶች ናቸው የጀመሩት፤ አንድ ጣሊያናዊ፣ አንዲት ፈረንሳዊት፣ አንድ ጀርመናዊ። ሐሳባቸው አጭር ነው። አውሮፓ አንድ የፌዴራል መንግሥት ይኑራት፤ አንድ አገር ብቻውን እጁን አውጥቶ የሁሉንም ውሳኔ ማገድ አይቻለው፤ የጋራ ጦር ይኑር።

ነገሩ የሚጣፍጠው ግን እዚህ ላይ ነው። ድንበር የማይገድበው ፓርቲ እንሁን ብለው ተነሱ፣ ሕጉ ግን አገር አገሩን ተመዝገቡ አላቸው። የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ እንኳ የሚካሄደው በየአገሩ ሕግ ነው። ስለዚህ ማልታ ውስጥ የማልታ ቮልት አለ፣ ሉክሰምበርግ ውስጥ የሉክሰምበርግ፣ እዚህ ደግሞ የኔዘርላንድስ። ሁሉም ትንንሽ፣ ሁሉም በፓርቲው ቀለም ሐምራዊ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውሮፓ ፓርላማ 28 መቀመጫ በመላው ኅብረት በአንድ ዝርዝር ይመረጥ ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። መንግሥታቱ ግን አልተስማሙም፤ ነገሩ እንደተንጠለጠለ ነው።

ትንሽ ስልህ በጣም ትንሽ ማለቴ ነው። በ2019 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ከመላው አውሮፓ ያገኙት አንድ ወንበር ነው፤ እሱም ከጀርመን፣ አንድ ከመቶ እንኳ በማይሞላ ድምፅ። ጀርመኖች ለዚያ ምርጫ ወንበር ለማግኘት የሚጠየቅ ዝቅተኛ የድምፅ ገደብ ስላልነበራቸው ነው የተሳካው። በ2024 አምስት ሆኑ፤ ሦስት ከጀርመን፣ ሁለት ከዚህ። በዚህ አገር ፓርላማ ግን መንገዱ ቁልቁል ነው። በ2021 ሦስት ወንበር፣ በ2023 ሁለት፣ ባለፈው ኦክቶበር አንድ። ከ150 አንድ! መሪያቸው ላውረንስ ዳሰን አሁን ብቻቸውን ናቸው። እዚህ ወደ 70 ሺህ ድምፅ ያገኘ አንድ ወንበር ይይዛል፤ ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ፓርቲ በሕይወት የሚቆየው።

በዚያው ኦክቶበር ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ሐምራዊ ወረቀት ሳድል ዋልኩ። ዝናቡ አናት ይበሳል። ወረቀቱ እርስ በርሱ እየተጣበቀ አስቸገረኝ፣ በአውራ ጣቴ እየላጥኩ ነው የምሰጠው። ጣቴ ሐምራዊ ሆነ። አንድ ሰውዬ ተቀበለኝና «አንተ ራስህ ትመርጣለህ?» አለኝ። «አልመርጥም፣ ዜጋ አይደለሁም» አልኩት። ሳቀና ወረቀቱን መለሰልኝ። ደግነቱ አላጨማደደውም።

እንዴት ገባህበት ካልክ፣ በስብከት አይደለም። የሥራ ባልደረባዬ ጎትታኝ ነው፣ ሾርባም አለ ብላኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንዳንዴ ይሰለቹኛል። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ሁሉም ሦስት ቋንቋ የሚናገር። ድንበር ለእነሱ ቅዳሜ ጠዋት በባቡር የሚያልፉት መስመር ነው። እኔ ድንበር ላይ ያየሁትን አላዩም። «ፌዴራል» ሲሉ ዓይናቸው ያበራል። መጀመሪያ ሰሞን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር የምቀመጥበት ይጠፋኝ ነበር። እኛ ዘንድ ቃሉ ሲነሳ ሰው ድምፁን ይቀንሳል ወይ ይጨምራል እንጂ ፈገግ አይልም። እነሱ ዘንድ ደግሞ ፌዴራል ማለት መሰብሰብ ነው። የተለያዩ ቤቶች አንድ ጣራ ማልበስ።

አንድ ነገር ሲነግሩኝ ግን ቀጥ አልኩ። ይህ የአውሮፓ ፌዴሬሽን ሐሳብ ዋና ጽሑፉ የተረቀቀው በግዞት ነው። አልቲዬሮ ስፒኔሊና ኤርኔስቶ ሮሲ፣ የሞሶሊኒ መንግሥት ቬንቶቴኔ በምትባል ደሴት አግዟቸው ሳሉ ጻፉት። እ.ኤ.አ. በ1941። ዓመቱን ልብ በል! እኛ ሚያዝያ 27ን የምናከብርለት ዓመት ነው። ያው ፋሺስት እኛን ለቆ ሲወጣ እነሱን ገና እንዳሰረ ነበር። ይህን ስነግራቸው ስብሰባው ጸጥ አለ። ማንም አያውቅም ነበር።

አሁን ደብዳቤውን ወዳስጻፈኝ ልምጣ።

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ አንዲት ሰማንያውን ያለፉ ሴትዮ መጡ፤ የፍሪስላንድ ተወላጅ ናቸው፣ ከሰሜን። ሹራብ እየሠሩ ነው የሚያዳምጡት። አንዱ ልጅ ስለ አውሮፓ መንግሥት ሲያብራራ ቆየና ጥያቄ ካለ አለ። ሴትዮዋ መርፌያቸውን አስቀምጠው «ብራስልስ በየትኛው ቋንቋ ነው የምትዳኘኝ?» አሉት። ኅብረቱ 24 የሥራ ቋንቋ እንዳለው ነገራቸው። «ከ24ቱ አንዱም የእኔ አይደለም» አሉ።

ከዚያ ይተርኩልን ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1951 ሌዋርደን በምትባል የፍሪስላንድ ከተማ፣ በፍሪስኛ አልሰማም ያለውን ዳኛ በጽሑፍ የነቀፈ ጋዜጠኛ ተከሶ ይቀርባል። ሕዝቡ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ይሰበሰባል፤ ፖሊስ በዱላና በውሃ ይበትነዋል። በ1956 በፍሪስኛ ፍርድ ቤት መናገር በሕግ ተፈቀደ። እሳቸው ያኔ ልጅ ነበሩ። «አባቴ ከዚያ በኋላ ለከብት ጉዳይ ዳኛ ፊት ሲቀርብ አይንተባተብም ነበር» አሉ። ይኸው ነው ያሉት። ሹራባቸውን አነሱ።

ወንድምዓለም፣ ሾርባው አልዋጥልህ አለኝ። አያትህን አላየኋቸውም፣ ግን ዳኛ ፊት ቆመው ታዩኝ።

አሁንም ስለ አገራችን ፌዴራሊዝም በሁሉም ነገር ተስማምቼልሃለሁ ማለቴ አይደለም። ብዙ የምንከራከርበት አለን፣ እሱን ለስልክ እናቆየው። ያቺን «የአንዲት አሮጊት ጉዳይ» ያልኳትን ግን መልሼ ውጫታለሁ።

ማርች 18 የከተማ ምክር ቤት ምርጫ አለ። አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ የኖረ የውጭ ዜጋም ይመርጣል፤ እኔም ደርሶኛል። የድምፅ መስጫው ወረቀት ሲዘረጋ ነጠላ ነው የሚያክል፣ ምልክቱ የሚደረገው በቀይ እርሳስ ነው። ወረቀት ስበትን ከርሜ ማንን እንደምመርጥ ገና አለመቁረጤን ለሐምራዊዎቹ እንዳትነግርብኝ።

የማኪያቶውን ሂሳብ ከነወለዱ እልክልሃለሁ። አያትህ በሕይወት ካሉ ደግሞ አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ። በቋንቋቸው «ይቅርታ» እንዴት እንደሚባል በፊደል ጻፍልኝ፤ አነባበቡን በስልክ ታርመኛለህ። ከዚያ ስልኩን ለእሳቸው ስጥልኝ።

ያው የዶርምህ ልጅ